«አንቺ'ኮ ወንድ ነሽ!» ምስጋና ነው ወይስ ሴክሲዝም?

ጥያቄ፦ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። የዓመቱን ሒሳብ ሦስት ሌሊት አምሽቼ ዘጋሁ። ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ «አንቺ'ኮ ወንድ ነሽ!» ብለው አመሰገኑኝ፤ ሰውም አጨበጨበ። እኔን ግን ቅር አለኝ። ለአንድ ባልደረባዬ «ይሄ ሴክሲዝም ነው» ስለው፣ «ሰው ሲያመሰግንሽም ጾታዊ ጥቃት ልትዪው ነው?» አለኝ። ማናችን ነን ልክ? ሴክሲዝምስ በአማርኛ ምን ይባላል?

መልስ፦ ቅር ያለዎት በከንቱ አይደለም። ባልደረባዎ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለቀላቀለ ከስሙ እንጀምር።

ጾታዊ ጥቃት ሌላ ነገር ነው። ጥቃት አጥቂና ተጠቂ አለው፤ ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ያደርሳል። ኃላፊዎ አላጠቁዎትም። ለሴክሲዝም ብዙ ሰው «ጾታዊ አድልዎ» ይላል። ይሄ ይቀርባል፤ የሚይዘው ግን ግማሹን ነው። አድልዎ ድርጊት ነው። እድገት ሲከለከል፣ ደመወዝ ሲያንስ ይታያል። ሴክሲዝም ከድርጊቱ በፊት ጭንቅላት ውስጥ ያለውንም ይጨምራል። አንዱ ጾታ ከሌላው ይበልጣል፣ ይሄ የእሱ ሥራ ነው፣ ያ የእሷ ነው የሚለውን እምነት ማለቴ ነው።

ቃሉ የተወለደው አሜሪካ ውስጥ ነው፤ የተቀዳውም ዘረኝነትን ከሚገልጸው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ፖሊን ሊት የተባሉ ሴት በፍራንክሊን ኤንድ ማርሻል ኮሌጅ ባደረጉት ንግግር ውስጥ እናገኘዋለን። ሐሳባቸው እንዲህ ነበር፦ ጥሩ ግጥም የጻፉ ሴቶች ጥቂት ናቸውና ሴቶችን ጭራሽ ብንተዋቸው ልክ ነው የሚል ሰው፣ ክርክሩ ከዘረኛ ክርክር አይለይም።

ታዲያ እኛስ ከዘር «ዘረኛ»፣ «ዘረኝነት» እንዳልን ከጾታ «ጾተኝነት» ብንልስ? ሰዋስው አይከለክልም። ግን «ጾተኛ» የሚል ሰው ሰምተው ያውቃሉ? አፍ አልለመደውም። በዚያ ላይ ጾታ በግእዝ ወገን፣ ዓይነት፣ ማዕረግ ማለትም ነው፤ ቤተ ክህነት አካባቢ ያደገ ሰው «ጾታ ምእመናን» ሲባል ሰምቷል። እኔ ለድርጊቱ «ጾታዊ አድልዎ»፣ ለአስተሳሰቡ «ሴክሲዝም» እላለሁ። ፖለቲካንና ዴሞክራሲን ተውሰን የራሳችን አድርገን የለም?

አሁን ወደ ኃላፊዎ ዓረፍተ ነገር። «ወንድ ነሽ»ን በደንብ ይዩት። «ነሽ» የሚያናግረው ሴት ነው። «ወንድ» የሚለው ግን ሴትነቷን ይወስድባታል። ያመሰገኑት የሠራችውን ሴት አይደለም፤ ሥራው ያማረው ለጊዜው ወንድ ስለሆነች ነው እንደ ማለት ነው። ማረጋገጫ ካስፈለገ ይገልብጡት። ለወንድ ልጅ «አንተ'ኮ ሴት ነህ!» ቢባል ማን ያጨበጭባል? ጠብ ነው የሚነሳው። የስድስት ዓመት ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ ሲያለቅስ «እንደ ሴት አታልቅስ!» ይባላል። እህቱ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች። አንድ ቃል ወደ ላይ ሲሆን ሹመት፣ ወደ ታች ሲሆን ስድብ ከሆነ፣ መሰላሉ እዚያው ቃሉ ውስጥ ተተክሏል ማለት ነው። በእኔ እምነት እርስዎ ልክ ነዎት። ሴክሲዝም ክፉ ሐሳብ አይፈልግም፤ በምስጋናም፣ በፍቅርም ይመጣል።

በተውላጠ ስማችንም ይታያል። ጎልማሳ ወንድን «አንቺ» ማለት ንቀት ነው። ሴት ልጅን «አንተ» ማለት ግን ብዙ ጊዜ ቅርበት ነው፣ ጓደኝነት ነው።

ያም ሆኖ ጥፋቱን ሁሉ በአማርኛ ላይ መጫን አልወድም። የሴት ጾታ ለቁልምጫም ያገለግላል፤ «ይቺ ቤት»፣ «ይቺ መኪና» ስንል እየወደድን ነው። «እርስዎ»፣ «እናንተ»፣ «እነሱ» ጾታ የላቸውም። «ባለቤቴ» የሚለውን ደግሞ ልብ ይበሉ። ባልም ሚስቱን፣ ሚስትም ባሏን እኩል ይጠሩበታል። እኔ ይሄን ቃል በጣም እወደዋለሁ። ሕጉ ቃሉን ለመድረስ ጊዜ ፈጅቶበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ የበላይ አድርጎት ነበር፤ ሁለቱን በቤተሰቡ አመራር እኩል ያደረጋቸው የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው።

በሕገ መንግሥቱ ላይም ክርክር አለ። አንቀጽ 35 ለሴቶች እኩልነትን ይደነግጋል፤ ያለፈው በደል እንዲታረምም የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። አንቀጽ 7 ደግሞ በወንድ ጾታ የተጻፈው ሁሉ ሴትንም እንደሚያካትት ይናገራል። አንዳንዱ ይሄ ይበቃል፣ ዓረፍተ ነገር ሁሉ በ«እሱ/እሷ» ከተሞላ አይነበብም ይላል። ሌላው ደግሞ ሁልጊዜ «ተካታች» መሆን ሰልችቶናል ይላል። እኔ ለሕግ ጽሑፍ አንቀጽ 7ን እቀበላለሁ። ለሥራ ማስታወቂያ ግን አልቀበልም። «ሹፌር፣ ልምድ ያለው» ተብሎ ሲወጣ ሴቷ ሹፌር እሷን እንደማይመለከት አንብባ ታልፋለች። «ልምድ ያላት/ያለው» ማለት ስንት ፊደል ይፈጃል? «አማርኛችን አይመችም» የሚሉኝን ዘውዲቱን አስታውሳቸዋለሁ። በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ «ንጉሠ ነገሥት ይበቃቸዋል፣ ያካትታቸዋል» አልተባለም። «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ።

ምስጋናውንስ በምን እንተካው? «ጎበዝ» አለ። ይሄ ቃል ድሮ የወጣት ወንድ፣ የተዋጊ ነበር። «የጎበዝ አለቃ» የሚለውን ያስቡት። ዛሬ መምህሯ በአንደኛ ክፍል ልጅ ደብተር ላይ በቀይ እስክርቢቶ «ጎበዝ» ብላ ስትጽፍ፣ ደብተሩ የሴት ይሁን የወንድ ማንም አይጠይቅም። ቃሉ ማንም አዋጅ ሳያወጣለት ለሁለቱም ሆነ።

ስለዚህ ኃላፊዎን «ሰደቡኝ» ብለው አይጀምሩ፤ እሳቸው እንደዚያ አላሰቡም። ብቻቸውን ሲያገኟቸው «ያንን ሒሳብ ወንዱ ባልደረባዬ ቢዘጋው ኖሮ ምን ይሉት ነበር?» ብለው ይጠይቋቸው። «ጎበዝ» እንደሚሉ አልጠራጠርም። «እንግዲያው እሱኑ ለእኔም ይበሉኝ» ይበሏቸው።