ልሥራ ወይስ ልግዛ? ለደብረ ብርሃኑ ጥያቄ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ «ቤት ልሥራ ወይስ የተሠራ ልግዛ?» ብለሃል። ሥራውን ቆሞ የሚያይልህ ሰው ከሌለ፣ እኔ ግዛ ነው የምልህ። ተቆጣጣሪ በሌለበት ሲሚንቶውም ብረቱም ይባክናል።

ግን ቤቱን በሐምሌ ወይም በነሐሴ እየው። የዚያ ደጋ ክረምት ምንም አይደብቅም፤ የሚያፈስ ጣሪያ፣ እርጥበት የጠጣ ግድግዳ፣ ሁሉም ይታያል። ጥቁር አፈር ላይ ከቆመማ ስንጥቁን በደንብ ፈትሽ። ያ አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱን ያናጋዋል። ካርታውን ይዘህ ማዘጋጃ ቤት ሂድና ዕዳና እግድ እንደሌለበት አረጋግጥ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ደግሞ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፤ ይህቺን አደራ እንዳትዘነጋ።

ልሥራ ካልክ መሠረቱን ከመስቀል በኋላ አስቆፍር፣ ያኔ ዝናቡ ያባራል።