ፊሽካው የጋራ፣ ትንፋሹ የግል

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች አንድ ጉዳይ ላይ ተረባርበዋል፤ ዕድሜ አርባን ከተሻገረ በኋላ ቡት ካምፕ ስለመግባት። ለማያውቅ፣ ሃያ ሠላሳ ሰው ተሰብስቦ፣ አንድ አሰልጣኝ ፊሽካ እየነፋ ሩጫውን፣ ዝላዩን፣ ቁጭ ብድጉን፣ ፑሽ አፑን እያፈራረቀ የሚያሠራበት ስፖርት ነው። ስሙም አካሄዱም ከወታደር ማሰልጠኛ የመጣ ነው። እኔ ራሴ ከአርባ በኋላ ጀምሬ አሁን ቡድን የማሠራ ሴት ነኝ። ስለዚህ ለነገሩ አዳላለሁ፤ ይህን አውቃችሁ አንብቡ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው። ደረጃ ስወጣ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ቡት ካምፕ ጀምረው “ነይ፣ ነይ” ይሉኛል። አንድ ቀን ሄጄ ዳር ቆሜ አየሁ። አብዛኞቹ ልጆች ናቸው፣ አሰልጣኙም ይጮኻል። መሳቂያ እንዳልሆን ፈራሁ። ደግሞ አንድ የሚያሳፍር ነገር አለ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ስዘልና ሲያስለኝ ሽንቴ ያመልጠኛል። ልግባ ወይስ ብቻዬን በእግሬ ልሂድ? ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግቢ። ግን ከመጨረሻው ልጀምር፤ ስላሳፈረሽ ነው ወደ መጨረሻ የገፋሽው። በቡድኔ ካሉት ሴቶች ይህንኑ በሹክሹክታ ያልነገረችኝ ብትኖር ጥቂት ናት። ፊኛን ከታች ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ በወሊድ ይላላል፣ ማረጫ ዕድሜ ሲቃረብ ደግሞ ይብስበታል። እንደ ማንኛውም ጡንቻ ግን ይሠለጥናል። ሽንትና አየር እንደምትይዢ አድርገሽ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ አድርጊው፣ ጥቂት ሰከንድ ያዢው፣ ልቀቂው። ስምንት ጊዜ ደጋግሚው፤ ይህን በቀን 3 ጊዜ፣ ቢያንስ ለ3 ወር። ሽንት እየሸናሽ አትሞክሪው። ትንፋሽሽን አትያዢ፣ ቂጥሽንም አትጨብጪ። በ3 ወር ለውጥ ካላየሽ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ጋ ሂጂ። እስከዚያው ዝላይ በመጣ ቁጥር በእርምጃ ቀይሪው። ሌላው ሲዘል አንቺ ወደ ጎን ትራመጃለሽ። ማንም አያይሽም። ደግሞ በዚያች ሰዓት ሁሉም የሚታገለው ከገዛ ትንፋሹ ጋር ነው፤ ሰው ለማየት ፋታ የለውም።

ይልቅ ከሰዎቹ በፊት አሰልጣኙን እይው። ከስፖርቱ በኋላ ጠጋ በይና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂው፤ “ጉልበቱን የሚያመው ሰው ቢመጣ በዝላዩ ፋንታ ምን ታሠራዋለህ?” ሳያመነታ ሁለት ሦስት አማራጭ ከነገረሽ ተመዝገቢ፤ ጩኸቱን ትለምጂዋለሽ። “እዚህ ሰበብ አይሠራም” ካለሽ ግን ዞር በይ። አርፍዶ ለመጣ ሰው በርፒ የሚባለውን መሬት ወርዶ የመነሳት ስፖርት እንደ ቅጣት የሚያዝም አለ፤ እኔ እሱ ጋ አልቆይም። ያልሞቀ ጡንቻን መቅጣት ምን ይሉታል?

በነገራችን ላይ በርፒን ያመጣው ሮያል በርፒ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን ብቃት ቶሎ ለመመዘን ብሎ ነው ያወጣው። ሰውየው ጎንበስ ይላል፣ እጁን መሬት ላይ ያደርጋል፣ እግሩን ወደ ኋላ ወርውሮ ይመልሳል፣ ይነሳል። ይህን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚያሠራው። ፑሽ አፑም ዝላዩም በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ዝላዩን ብትተዪ፣ እግርሽንም በመወርወር ፋንታ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ብትወስጂ ባለቤቱን አላስቀየምሽም። ፑሽ አፕም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ፣ ከዚያ ቤንች ላይ፣ ሲቆይ መሬት ላይ። ቁጭ ብድግ ደግሞ ከኋላሽ ወንበር አድርገሽ።

“ብቻዬን በእግሬ ልሂድ” ላልሽው፣ መሄዱንም አትተዪ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንካራ እንቅስቃሴ ይመክራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ንባቡን ያቆማል። ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ግን ለእኔና ላንቺ የተጻፈ ይመስለኛል፤ ቢያንስ በሳምንት 2 ቀን ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያጠነክር ሥራ ይጨመርበት ይላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የጡንቻችን መጠን በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ይቀንሳል ተብሎ ይገመታል። በማረጫ ዕድሜ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ አጥንትም ይሳሳል። በእግር መሄድ ለልብ ደግ ነው፤ ክንድሽን፣ ጀርባሽንና ትከሻሽን ግን አይደርስላቸውም። መግፋት፣ መሳብ፣ ማንሳት ያስፈልጋል። ብቻሽን ቤትሽ ውስጥ ይህን ሁሉ እሠራለሁ ብትይ አላምንሽም። የቡድን ትልቁ ጥቅሙ ይሄው ነው፤ ስትቀሪ “የት ጠፋሽ?” የሚል ሰው አለ።

ልኩን በትንፋሽሽ ለኪ። እየሠራሽ ማውራት ከቻልሽ ግን መዝፈን ካቃተሽ መካከለኛ ላይ ነሽ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግረሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ጠንካራው ውስጥ ገብተሻል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው ላይ ቆዪ። አሰልጣኙ “ጨምሩ!” ሲል አንቺ ከምትችዪው በላይ አትጨምሪ። ደረትሽን የሚጫንሽ፣ የሚያዞርሽ፣ ልብሽ ያለ ምክንያት የሚመታ ከሆነ፣ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪምሽን አነጋግሪ። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስፖርት ላይ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ አሰልጣኙም ማወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ 51 ዓመቴ ነው። በወጣትነቴ ኳስ ተጫዋች ነበርኩ። ቡት ካምፕ ከጀመርኩ ጥቂት ሳምንት ሆነኝ። ከጎኔ የሚሠራው ልጅ 25 ዓመቱ ነው፤ እንዳይቀድመኝ ብዬ እታገላለሁ። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር፣ እሱ አለፈ። አሁን ግን ቀኝ ተረከዜ ከኋላ በኩል ጠዋት ጠዋት ይጠዘጥዘኛል። አሰልጣኛችን “ያላመመ አልሠራም” ይለናል። ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱ ሕመሞች አንድ አይደሉም። ደረጃ መውረድ ያቃተህ ጡንቻህ ስለተሳሰረ ነው። ቁጭ ስትል ጭንህ እየተለጠጠ ክብደትህን ይሸከማል፤ ከዚያ ነው የመጣው። በሁለቱም እግር ይመጣል፣ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ይብሳል፣ ስትንቀሳቀስ ይለቅሃል። አሁን የምትለኝ ግን በአንድ በኩል ብቻ ያለ፣ በጣት የሚነካ፣ ጠዋት የሚብስ ሕመም ነው። ይሄ ከባት ወርዶ ተረከዝ ላይ የሚያርፈው ጅማት ይመስላል። ዝላዩንና የፍጥነት ሩጫውን ዛሬውኑ አቁም። የላይኛውን አካልህን ሥራ። በሁለት ሳምንት ካልቀለለህ ታየው። እየሠራህ ድንገት “ጧ” ብሎ ባትህን በድንጋይ የተመታህ ያህል ከተሰማህ ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂድ፤ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ይህ ጉዳት የሚበዛው አልፎ አልፎ ስፖርት በሚሠሩ በመካከለኛ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ ነው።

ትንፋሽ በሳምንታት ይሻሻላል፤ ጅማት ግን ወራት ይፈልጋል። የቀድሞ ተጫዋቾች ላይ የሚብሰውም ለዚህ ነው። ጭንቅላታችሁ እንቅስቃሴውን አልረሳም፣ ልባችሁም ቶሎ ይመለሳል፣ ጅማታችሁ ወደ ኋላ ይቀራል። ኳስ ያልነካ ሰው ቢያንስ ይፈራል!

ስለ ልጁ ደግሞ ስማኝ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ኦቶ ኮለር የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የቀዘፋ ክለብ አባላትን ክብደት እያስነሳ ፈተናቸው። አንዴ ለየብቻ፣ አንዴ ተጣምረው። ደከም ያለው ሰው ሲጣመር ብቻውን ከሚችለው በላይ ይሠራ ነበር። ትርፉ የሚበዛው ግን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መጠነኛ ሲሆን ነው። ልዩነቱ በጣም ሲሰፋ ጥቅሙ ይቀንስ ነበር። እኔ ሰዎቼን ሳጣምር ይህን አልረሳም። ስለዚህ ልጁን ተወውና ካንተ ትንሽ የሚሻል የእኩያህን ሰው ፈልገህ ከጎኑ ቁም። ስትችል ከኋላ ረድፍ ሁን፤ ከፊት ያለ ሰው ሳይታወቀው ይሽቀዳደማል።

“ያላመመ አልሠራም” የምትለዋን አባባል ከየስፖርት ቦታው ብትጠፋልኝ ደስ ባለኝ። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ ዕረፍት የሚሉት ታባታ ሳይሠራባችሁ አይቀርም። ጃፓናዊው ኢዙሚ ታባታ እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተመው ጥናት የተሠራው በወጣት ስፖርተኞች ላይ ነው፤ እሱም በቆመ ብስክሌት። ትንፋሻቸውን ፈተነው እንጂ እያዘለለ ጉልበታቸውንና ተረከዛቸውን አልፈተነም። ያንኑ ሰዓት ወስዶ የሃምሳ ዓመት ሰው ማዘለል ሌላ ነገር ነው። የእጅ ሰዓትህ የሚያሳይህንም የልብ ምት አታምልከው። ከ220 ላይ ዕድሜህን ስትቀንስ 169 ይመጣል፤ ያ ግን አማካይ ነው። ያንተ ትክክለኛ ጣሪያ ከዚያ አሥር ምትና ከዚያም በላይ ሊርቅ ይችላል። ቤታ ብሎከር የሚባለውን የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አይሠራልህም።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንታችሁ ቡናማ ወይም ጥቁር ሻይ ከመሰለ፣ ጡንቻችሁም አብጦ ከጠነከረ፣ “ያልፋል” ብላችሁ አትተኙ። የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊት ሊያውክ ይችላል። ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ሠራሁ። ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ባለቤቴ “ላብሽን በከንቱ ነው የምታፈሺው” እያለ ይስቃል። 49 ዓመቴ ነው።

መልስ፦ ይሳቅ። ክብደት በዋናነት የሚወሰነው በሚበላው ነው። የአንድ ሰዓት ስፖርት ያቃጠለውን በአሥር ደቂቃ መልሶ መብላት ይቻላል፤ ስፖርት ደግሞ ያስርባል። ክብደት መቀነስ ከፈለግሽ ሳህንሽን ማየት ይኖርብሻል፣ እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው። ስፖርቱ ግን ሚዛን ላይ የማይታይ ሥራ ይሠራል። ሚዛኑ ሳይንቀሳቀስ ሆድ ዕቃን የከበበው ስብ ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ወገብሽን በሜትር ለኪ፣ በእምብርትሽ ትይዩ፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ። ከእንቅልፍሽ ስትነቂ ከአልጋ ሳትወርጂ የልብ ምትሽን ቁጠሪ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እጅሽን ደረትሽ ላይ አጣምረሽ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስተሽ እንደምትቀመጪ ጻፊ። በወር አንዴ ድገሚው። ባለቤትሽንም አብሮሽ እንዲሞክር ጋብዢው፤ ሳቁ ያኔ ይቀንሳል ብዬ እገምታለሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ቀኔ ነገ ነው። ምን ልያዝ?

መልስ፦ ውሃና ፎጣ። ጫማሽ ላይ ግን አስቢ። ሶሉ ወፍራምና ለስላሳ የሆነ የሩጫ ጫማ ወደ ጎን ስትንቀሳቀሺ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል፤ ዝቅ ያለና ጠንከር ያለ ሶል ይሻላል። አሥር ደቂቃ ቀድመሽ ድረሺ። የሚያምሽን ቦታ ማሟሟቂያው ሳይጀመር ለአሰልጣኙ ንገሪው፤ መሀል ላይ ከሆነ ጩኸቱ አያሰማሽም።