ካንዴላ የሌለው ሞተር እሳቱን ከየት ያመጣል?

«የናፍጣ ሞተር ካንዴላ ከሌለው ነዳጁን ምን ያቀጣጥለዋል? ጠዋትስ ከመሪው ፊት ያለው መብራት እስኪጠፋ ጠብቅ የሚሉኝ ለምንድን ነው?» ብለህ ለጠየቅኸው ወንድሜ፦

እኔም ልጅ ሆኜ ጋራዥ የገባሁ ሰሞን በዚሁ ነገር መሳቂያ ሆኛለሁ። አለቃዬ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና አሳይቶ «ካንዴላዎቹን ፈትተህ አምጣ» አለኝ። ካንዴላ የቤንዚን ሞተር ነዳጁን በብልጭታ የሚለኩስበት ዕቃ ነው፤ መኪናው ግን ናፍጣ ነበር። ግማሽ ቀን ሞተሩን ስዞር ዋልኩ፤ የጋራዡ ሰዎች ሻይ ይጠጣሉ። ማምሻውን የብስክሌት መንፊያ ሰጠኝና «ቀዳዳውን በአውራ ጣትህ ድፈንና ቶሎ ቶሎ ግፋ» አለኝ። ጥቂት እንደገፋሁ የመንፊያው ጫፍ ጋለ። «እሳቱ ይኸውልህ» አለ።

ነገሩ ይኸው ነው፤ የታመቀ አየር ይግላል። የመኪና ሞተር ቤንዚንም ሆነ ናፍጣ አራት ምት አለው፦ ፒስተኑ (በሲሊንደሩ፣ ማለትም በሞተሩ ቱቦ ውስጥ የሚወጣና የሚወርደው ብረት) ወርዶ ይስባል፣ ወጥቶ ያምቃል፣ ቃጠሎው ወደታች ይገፋዋል፣ ተመልሶ ወጥቶ ጭሱን ያባርራል። በተለመደው የቤንዚን ሞተር አየርና ነዳጅ ተቀላቅለው ገብተው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይታመቃሉ፤ ከዚያ ካንዴላው ብልጭ ይላል። ናፍጣው ግን የሚስበው አየር ብቻ ነው። ያንን ከ15 እስከ 20 እጥፍ ያምቀዋል፤ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። ልክ በዚህ ሰዓት ኖዝሉ (ነዳጅ መርጫው) ናፍጣውን እንደ ጉም ሲረጨው በራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል ይህንን በ1897 እ.ኤ.አ. አውግስበርግ ላይ በሚሠራ ሞተር አሳይቷል።

ቤንዚኑንስ ለምን ያን ያህል አናምቀውም ትለኝ ይሆናል። ነዳጁ አስቀድሞ ውስጥ ስላለ ካንዴላውን ሳይጠብቅ በየቦታው ይፈነዳል። መሐሉ የተበሳ ፒስተን በእጄ ይዤ አይቻለሁ፤ በምስማር የተመታ ይመስላል። የናፍጣ ሞተር ወፍራምና ከባድ የሆነውም ያንን ግፊት እንዲችል ነው። ኳኳታውም የተረጨው ነዳጅ በድንገት ሲያያዝ የሚሰማ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም።

ልዩነቱ በደንብ የገባኝ ግን ሞተር ማጥፋት ባቃተን ቀን ነው። የቤንዚን መኪና ቁልፉን ስትመልሰው ብልጭታው ይቋረጣል፣ አለቀ። ናፍጣ ብልጭታ ስለሌለው የሚጠፋው ነዳጁ ሲቆረጥ ነው። አንድ ደንበኛ ያመጣው ፒክአፕ ተርቦው (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ዕቃ) አርጅቶ ዘይት ወደ አየር መግቢያው ያስገባ ነበር። ቁልፉ ተነቅሎ ሞተሩ የራሱን ዘይት እያቃጠለ ይበልጥ መጮህ ጀመረ፤ ግቢው በነጭ ጭስ ተሸፈነ። ሁላችንም ሸሸን። አለቃዬ ብቻ የአየር መግቢያውን ቱቦ ነቅሎ ጠፍጣፋ ጣውላ ገጠመበት፤ ሞተሩ ታፍኖ ቆመ። (በእጅህ እንዳትሞክረው፣ ስቦ ይጎዳሃል።)

ባለ ሁለት ምቱን በአጭሩ ልንገርህ፤ እንደ ሞተር መጋዝና አሮጌ ሞተር ሳይክል ያለው ነው። በአብዛኛው ቫልቭ (የአየርና የጭስ መክፈቻና መዝጊያ) የለውም፤ ፒስተኑ ራሱ በሲሊንደሩ ግድግዳ ያሉትን ቀዳዳዎች ይከፍታል፣ ይዘጋል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቃጥል ለክብደቱ ጉልበተኛ ነው። ነገር ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቃጠል ያ ሰማያዊ ጭስ አይቀርለትም። እኔ ሽታውን አልወደውም።

ወደ መብራቱ ስንመለስ፣ ብዙ ትንንሽ የናፍጣ ሞተሮች ማሞቂያ ካንዴላ አላቸው። ብልጭታ አይሰጥም፤ እንደ ምድጃ ሽቦ ይግላል እንጂ። ሌሊቱን በብርድ ያደረ ብረት የታመቀውን አየር ሙቀት ስለሚሰርቀው ነው የሚያስፈልገው። ቁልፉን አንድ ደረጃ አዙረህ የተጠማዘዘ ሽቦ የሚመስለው ብርቱካናማ ምልክት እስኪጠፋ ጠብቅ፤ ከዚያ አስነሳ። ጠብቀህም እያንቀጠቀጠና ነጭ ጭስ እየተፋ የሚነሳ ከሆነ የነዳጅ ፓምፑን ከማስፈታትህ በፊት እነዚያን ካንዴላዎች አስፈትሽ፤ ዋጋቸው ከፓምፕ ጥገና ጋር አይወዳደርም።