ሻንጣው የማይፈታ አጥቂ፦ ጥያቄና መልስ

ዘጠኝ ዓመት ከአገር ውጭ በአጥቂነት ተጫውቻለሁ። ስድስት ክለብ፣ አራት አገር። ኮከብ አልነበርኩም፤ ስሜን ብጠራላችሁም አታውቁኝም። ከክለብ ክለብ መዞር ምን እንደሚመስል ግን ጠይቁኝ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

ጥያቄ፦ በየዓመቱ ክለብ የሚቀይር አጥቂ ችሎታ ስለሌለው አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው፣ አልዋሽህም። ግን ተከላካይ ወር ሙሉ ቢደክም ማንም ላያውቅበት ይችላል። አጥቂ አምስት ጨዋታ መረብ ካልነካ ሕፃን ሳይቀር ይቆጥርበታል። አሰልጣኝ ተባረረ ማለት ደግሞ አዲሱ የራሱን አጥቂ ይዞ ይመጣል ማለት ነው። የፈረንሳዩን አጥቂ ኒኮላ አኔልካን አርሰናል በ1997 በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። በ1999 ለሪያል ማድሪድ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሸጠው። ከዚያ በኋላ ስንት ክለብ ዞሮ ሻንግሃይና ሙምባይ ድረስ ሄደ። እሱ ችሎታ የለውም የሚል ካለ ከእኔ ጋር አይከራከር።

ጥያቄ፦ በክለብ ብዛት ሪከርዱ የማነው?

መልስ፦ የኡራጓዩ ሴባስቲያን አብሬው ስም ነው ሁሌ የሚነሳው። ከ30 በላይ ክለቦች። ቅጽል ስሙ «እብዱ» ነው። በ2010 የዓለም ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ከጋና ጋር የመጨረሻውን ፍጹም ቅጣት ምት የመታው እሱ ነው። በረኛው ሲወድቅ መሃል ለመሃል ቀስ አድርጎ ከፍ አደረጋት። ብዙ ሰው «አበደ» አለ። እኔ አልገረመኝም። በየስድስት ወሩ የማያውቀው ደጋፊ ፊት ራሱን ሲያስመሰክር የኖረ ሰው በቀላሉ አይደነግጥም።

ጥያቄ፦ አዲስ ክለብ ስትገባ በጣም የሚከብደው ምንድነው? ቋንቋ? ብርድ?

መልስ፦ ኳስ ማግኘት! ሌላው ይለመዳል።

በልምምድ ሜዳ ላይ አዲስ ሰው ኳስ አይሰጠውም። በክፋት አይደለም። ሰው ለሚያውቀው ነው የሚያቀብለው። አንተ ደግሞ የተፈረምከው ለጎል ነው፣ ቢበዛ ስድስት ሳምንት ይታገሱሃል። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የምማረው ሰላምታ ሳይሆን «ዙር»፣ «ሰው አለብህ» እና «ተው» የሚሉትን ቃላት ነበር። ቀጥሎ አማካዩን እፈልጋለሁ።

ሦስተኛው ክለቤ ውስጥ አንድ አማካይ ነበር። ግራ እግሩ ወርቅ ነው፣ ግን እኔና እሱ በፍጹም አንገናኝም። እኔ ወደ ቅርቡ የግብ ቋሚ ስሮጥ ኳሱ በላዬ አልፎ ይሄዳል። አምስት ሳምንት ጎል የለም። ጋዜጣው ስሜን እየጠራ ይቀልዳል። የጋራ ቋንቋ የለንም። አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ እጄን ይዞ አስቀረኝ። ሁለት የውሃ ጠርሙስ ሣሩ ላይ አቆመ። አንዱ ተከላካዩ ነው፣ አንዱ በረኛው። ከዚያ በጣቱ ከተከላካዩ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኝና አይኑን ጨፈነ። ገባኝ። «ቀና ብዬ ሳላይህ ነው የምለቃት፣ አንተ ቀድመህ ሂድ» ማለቱ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄድኩ። ኳሱ እዚያው ነበር። በዚያ ዓመት ካገባሁት አብዛኛው የዚያ ሰውዬ ነው።

ጥያቄ፦ ደሞዝ ባይከፍሉህስ?

መልስ፦ ይሄን የከፈልኩበት ስለሆነ በደንብ አንብቡት። አንድ ክለብ ሦስት ወር ሙሉ «ነገ፣ ነገ» አለኝ። እኔም ተናድጄ ሻንጣዬን ይዤ አየር ማረፊያ ሄድኩ። ጅል ነበርኩ። ክለቡ «ውል ጥሎ ጠፋ» ብሎ እኔኑ ከሰሰኝ። በመጨረሻ ግማሹን ተቀብዬ ተስማማሁ።

አሁን ያለው የፊፋ ደንብ ግልጽ ነው። ክለቡ ቢያንስ የሁለት ወር ደሞዝ ካስቀረብህ በጽሑፍ ታስጠነቅቃለህ፣ ለመክፈል ቢያንስ 15 ቀን ትሰጠዋለህ። ካልከፈለ በበቂ ምክንያት ውሉን ማፍረስ ትችላለህ። ጉዳዩ ወደ ፊፋ የክርክር ችሎት ይሄዳል፣ ይግባኙ ሎዛን ያለው የስፖርት ፍርድ ቤት ነው። ዋናው ነገር ደብዳቤው ነው። በስልክ መጮህ ማስረጃ አይሆንም።

ጥያቄ፦ ከፈረምኩ በኋላ የሕክምና ምርመራ ብወድቅ ይሰርዙታል?

መልስ፦ አይችሉም። የውሉ ጽናት በምርመራ ውጤት ላይ እንዲንጠለጠል ፊፋ አይፈቅድም። ክለቦች ጉልበትህን ከፊርማ በፊት የሚያገላብጡት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ውድድር ዓመት ስንት ክለብ ይቻላል?

መልስ፦ ለሦስት መመዝገብ፣ ለሁለት መጫወት። የውድድር ዘመናቸው የማይገጥም አገሮች ላይ ብቻ ልዩ ሁኔታ አለ።

ጥያቄ፦ እናት ነኝ። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። አንድ «ወኪል» ለሙከራ ውጭ እወስደዋለሁ ብሎ ገንዘብ ጠይቆናል።

መልስ፦ እህቴ፣ እንዳይከፍሉ። ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ ወደ ሌላ አገር ክለብ ማዛወር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ክልክል ነው። ሰውየውን የፊፋ ፈቃዱን ይጠይቁት። ከ2023 ጀምሮ አዲስ ወኪል ፈቃድ የሚያገኘው ፈተና አልፎ ነው። «ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው» ካለዎት በሩን ያሳዩት።

ጥያቄ፦ ከእኛ ልጆች ማንን ትጠቅሳለህ?

መልስ፦ ፍቅሩ ተፈራን። ደቡብ አፍሪካ፣ ቼክ፣ ፊንላንድ፣ ቬትናም ዞሮ ሕንድ ደረሰ። ጥቅምት 2014 ላይ የሕንድ ሱፐር ሊግ ሲጀመር የሊጉን የመጀመሪያ ጎል ለአትሌቲኮ ኮልካታ ያገባው እሱ ነው። ያ ሊግ ስንት ዓመት ቢኖር ያቺን ጎል ማንም አይወስድበትም።

ጥያቄ፦ 31 ሞላኝ። አልቆልኛል?

መልስ፦ ጣልያናዊው አጥቂ ሉካ ቶኒ ከክለብ ክለብ ሲዞር ኖሮ በ2015 በቬሮና ማሊያ 22 ጎል አግብቶ ከኢንተሩ አጥቂ ኢካርዲ ጋር የጣልያን ሊግ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። 38 ዓመቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ በ33 ዓመቴ ጠዋት ጠዋት ደረጃ መውረድ አቅቶኝ ነበር። እግርህን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ ሻንጣህ ውስጥ የማይቀረው ምን ነበር?

መልስ፦ ለጭቃ ረጅም ጥርስ ያለው ጫማ፣ ለአርቴፊሻል ሣር አጭሩ። የውሉ ቅጂ፣ በወረቀት፣ የሁለቱም ወገን ፊርማ ያለበት። እና የራሴ ትራስ። ባለቤቴ አሁንም ትስቅብኛለች።