«ወርቅ አገኛችሁ?» ለሚሉን ጎብኚዎች ምን እንመልስ?

ጥያቄ፦ በአንድ የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ቦታ ጎብኚዎችን የማስረዳት ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። የአካባቢው ነዋሪዎችም ሆኑ ተማሪዎች ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ገና እንደቆሙ «ወርቅ አገኛችሁ?» ይሉኛል፤ ስለ አፈር ንብርብሮች ማብራራት ስጀምር ግን ጆሮ የሚሰጠኝ የለም። ይባስ ብሎ፣ ከአንድ ጉብኝት በኋላ ያልታወቀ ሰው ሌሊት ገብቶ ጉድጓዱን ሲያምሰው አድሯል። ሕዝብን ማስተማራችን ራሱ ስህተት ይሆን?

መልስ፦ ማስተማርዎ ስህተት አይደለም፤ መመርመር ያለበት ለጎብኚው የሚያሳዩት ነገር ነው። አብዛኞቻችን በጉብኝት ቀን ካገኘነው ሁሉ ያማረውን መርጠን ጠረጴዛ ላይ እንደረድራለን፤ ጎብኚውም ከመሬት የሚፈለገው ዕቃ ብቻ መሆኑን ከእኛው ተምሮ ይሄዳል። እንዲህ የተማረ ሰው ሌሊት ተመልሶ ቢቆፍር፣ ድርጊቱ ወንጀል ቢሆንም፣ ትምህርቱን አልሳተም።

ስለዚህ ጠረጴዛውን ይተዉትና ጎብኚዎቹን ከጉድጓዱ ግድግዳ ፊት ያቁሟቸው። ከላይ የሣር ሥር የያዘ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ከጣት ውፍረት የማይበልጥ የአመድና የከሰል መስመር፣ ከዚያ በታች ተረግጦ የጠነከረ የቤት ወለል ይታያል እንበል። ገለጻ ከመጀመርዎ በፊት «የቱ የቀደመ ይመስላችኋል?» ብለው ይጠይቁ፤ ሕፃን ልጅም የታችኛውን ያሳይዎታል። ቀጥሎ በጥንት ጊዜ ከላይ ተቆፍሮ ወለሉን በስቶ የወረደ የቆሻሻ ጉድጓድ ካለ እርሱን ያሳዩ። በውስጡ የተገኘው ገል ከወለሉ እኩል ጥልቀት ላይ ቢሆንም፣ የተጣለው ወለሉ ከተሠራ ከብዙ ዘመን በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው፣ ሌሊት የተቆፈረው ጉድጓድ ምን እንዳጠፋ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከሰሉንም ይጠቀሙበት። በካርቦን 14 የዕድሜ ልኬት፣ እንደ እንጨት ባለ በሞተ ሕያው ነገር ውስጥ ያለው ካርቦን 14 የተባለ የካርቦን ዓይነት በየ5,730 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ፣ እስከ 50,000 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ መቁጠር ይቻላል። ነገር ግን ከሰሉ ከንብርብሩ ከተለየ ዕድሜው ቢታወቅም የየትኛው ወለል፣ የየትኛው እሳት ዕድሜ እንደሆነ የሚናገር አይኖርም።

ትምህርቱ ደግሞ ከባለሙያ ወደ ነዋሪ ብቻ የሚፈስ አይደለም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በኦዜት የባሕር ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ማዕበል በጭቃ የተቀበረን፣ የአካባቢው ነባር ተወላጅ የሆነውን የማካ ሕዝብ ጥንታዊ መንደር ሲገልጠው፣ ማካዎች ከአርኪዮሎጂስቶች ጋር አብረው ሠሩ። ሽማግሌዎቻቸው ባለሙያዎቹ ያልለዩአቸውን ዕቃዎች አገልግሎት አስረዱ፤ ግኝቱም ተወስዶ አልቀረም፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በራሳቸው ምድር በተከፈተ ሙዚየም ተቀመጠ። እርስዎም ከጎብኚዎችዎ መካከል ሸክላ የሚሠሩ ወይም በእጃቸው የሚፈትሉ ካሉ፣ ገሉን ወይም እንዝርቱን ሰጥተው ይጠይቋቸው፤ የጣት አሻራውን አቅጣጫ ከእርስዎ ቀድመው ቢያነቡት አይግረምዎ።

ለልጆች በአሸዋ ውስጥ ዕቃ ቀብሮ ማስፈለግ የተለመደ ነው፤ እኔ ግን በዚያ መልኩ አልወደውም፣ ሀብት ፍለጋን ከማለማመድ አያልፍምና። የግድ ካደረጉት፣ ያገኘ ልጅ ዕቃው የተኛበትን ቦታ በወረቀት ላይ ስሎ ጥልቀቱን ሳይለካ እንዳያነሳው ይከልክሉ። ተቆፍሮ የወጣን አፈር በወንፊት ማስነፋት ግን ከዚህ ሁሉ ይሻላል፤ ሥራው እውነተኛ ነው፣ የዓሣ አጥንትና የከሰለ ዘርም እጃቸው ላይ ይወድቃል።

ጥበቃውን በተመለከተ፣ የዕለቱን ግኝት በዕለቱ አይንገሩ፤ የተከፈተውንም ሳይሸፍኑ አይደሩ፤ ጥበቃው ከነዋሪዎቹ መካከል ቢመረጥ ይመረጣል። የቁፋሮው ወቅት ሲያልቅም ውጤቱን በሪፖርት ከማሳተምዎ በፊት ነዋሪዎቹን ሰብስበው በሚገባቸው ቋንቋ ይንገሯቸው። «ወርቅ አገኛችሁ?» የሚል ያን ጊዜም አይጠፋም፤ «አላገኘንም፤ ቤቱ የተቃጠለበትን ዘመን ግን አግኝተናል» ብለው ወደ አመዱ መስመር ይውሰዱት።