መልስ፦ ሙሽሮች ሰበታ ሲመጡ
ከጀርመን ከባለቤትሽ ጋር ሰበታ መጥታችሁ ዘመድ እየጠየቃችሁ አገርም ለማየት ቀኑን እንዴት እንደምታብቃቁት ለጠየቅሽው እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ!

መጀመሪያ ዘመድ። ሳትጠይቂያቸው ሽርሽር ከወጣሽ ኩርፊያው አይቻልም። ግን በቀን ከሁለት ቤት በላይ አትያዢ። አክስት ቤት ዶሮ ወጥ፣ አጎት ቤት ጥብስ፣ ቡናው ደግሞ እስከ በረካ ነው። «በሞቴ» ተብሎ የተዘረጋ ጉርሻ አይመለስም፤ ባልሽን ከወዲሁ አስጠንቅቂው። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ትንሽ ይተነፍሳል።

ለጉብኝት መሀል ከተማ መመላለስ አያስፈልግም። ከዓለም ገና የቡታጅራን መንገድ ያዙ። አዋሽ ዳር መልካ ቁንጥሬን ታገኛላችሁ፤ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ነው። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። ጫማ ይወለቃል፣ ነጠላ አትርሺ። ከዚያ ጢያ። እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡት ትክል ድንጋዮች 36 ናቸው። ብዙዎቹ ላይ ሰይፍ ተቀርጿል፤ ጠጋ ብላችሁ እዩት። በማለዳ ከተነሣችሁ ሦስቱም በአንድ ቀን ይዳረሳሉ።

መኪና ስትከራዩ ግን ሚኒባስ ይሁን። «እኔም ልምጣ» የሚል ዘመድ አይጠፋም።