ብቻዬን ስጫወት የሚያምረው የጊታር ድምፅ ከባንድ ጋር ለምን ይጠፋል?

የአንባቢው ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ይላል፦ «የምጫወተው ብሉዝ ሮክ ነው። ጊታሬ የስትራቶካስተር ዓይነት ሲሆን ሦስት ሲንግል ኮይል (ባለ አንድ ጥቅል ሽቦ) ፒክአፖች፣ ማለትም የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ሲግናል የሚቀይሩ ክፍሎች አሉት፤ የገጠምኩለት የቀጭኑ ክር ውፍረት 0.009 ኢንች ነው። ሁለት ኦቨርድራይቭ (ድምፁን የሚያሻክሩ) ፔዳሎች ደርቤ፣ የአምፑን ሚድ (መካከለኛውን ድምፅ) ቀንሼ፣ ቤዝና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) ከፍ አድርጌ ብቻዬን ስጫወት ድምፁ ግዙፍ ነው። ከባንድ ጋር ስሆን ግን ይሰወራል፤ ሶሎዬም ስኬል የሚለማመድ ሰው ይመስላል። ሃምበከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያለው ጊታር ልግዛ ወይስ ሌላ ፔዳል ልጨምር?»

ለጊዜው ሁለቱንም አይግዙ። እርስዎ የድምፁን መሰወርና የሶሎውን አለመናገር ሁለት የተለያዩ ችግሮች አድርገው ጽፈውልኛል፤ በእኔ ግምት ግን የሁለቱም ዋና ምንጭ አንድ ነው፤ እሱም የጌን (ሲግናሉ የሚጎለብትበት መጠን) መብዛት ነው። ኦቨርድራይቭ የሚሠራው የድምፁን ሞገድ ጫፍ በመቁረጥ ስለሆነ፣ ጌኑ በበዛ መጠን በፒክ በቀስታ የተነካውም ሆነ በኃይል የተመታው ክር ተመሳሳይ ከፍታ ይዞ ይወጣል። ሁለት ፔዳል ሲደራረብ ደግሞ የመጀመሪያው የደፈጠጠውን ሁለተኛው ይጨርሰዋል። ብሉዝ ውስጥ አንድን የዜማ ሐረግ ሐረግ የሚያሰኘው የኖታዎቹ ምርጫ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ኖታ ጎላ፣ ሌላው ለስለስ፣ ሦስተኛው ጭራሽ የተዋጠ መሆኑ ጭምር ነው። ይህ ልዩነት ከቀኝ እጅዎ ተነሥቶ ስፒከሩ ጋ ሳይደርስ ከጠፋ፣ የቱንም ያህል ጥሩ ሐረግ ቢያስቡ ለአድማጭ የሚደርሰው የኖታ ሰልፍ ነው።

ስለዚህ አንዱን ፔዳል ይንቀሉና የቀረውን እንዲህ ያስተካክሉት። የጊታሩን ቮልዩም ሙሉ ለሙሉ ይክፈቱ፤ ከዚያም በቀስታ ሲነኩ ድምፁ ንጹሕ ሊባል የቀረበ፣ ጠንከር አድርገው ሲመቱ ግን የሚሻክር እስኪሆን ድረስ የፔዳሉን ጌን ይቀንሱ። ኮርድ በሚመቱበት ጊዜ የጊታሩን ቮልዩም ወደ 6 ወይም 7 ያውርዱ፤ ሶሎ ሲመጣ ወደ 10 ይመልሱት። ቮልዩሙ ሲወርድ ድምፁ የሚደበዝዝብዎ ከሆነ፣ ፖቱ (የቮልዩም መቆጣጠሪያው) ከኬብሉ ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ ጠባይ) ጋር ሆኖ ትሬብሉን ስለሚበላው ነው፤ በቮልዩም ፖቱ መግቢያና መውጫ እግሮች መካከል ከ680 እስከ 1000 ፒኮፋራድ ያለው ትንሽ ካፓሲተር መበየድ ችግሩን በእጅጉ ያቃልለዋል።

ወደ አምፑ እንምጣ። ሚዱን መቀነስ ብቻውን ለሚጫወት ሰው የሚያጓጓ ድምፅ ይሰጣል፤ ባንድ ውስጥ ግን ታችኛውን ቦታ ቤዝ ጊታሩና የከበሮው ኪክ፣ ላይኛውን ደግሞ ሲምባሉ ይዘውታል። የጊታር ስፒከር ራሱ ከ5 ኪሎኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ ብዙም አያወጣም። ለጊታር የቀረው ቦታ መካከለኛው ነው፤ እርስዎ ደግሞ የቀነሱት እሱኑ ነው። ኢባኔዝ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ያወጣው ቲዩብ ስክሪመር የተባለ ኦቨርድራይቭ ፔዳል በብሉዝ ተጫዋቾች ዘንድ የተወደደበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው፤ ሞገዱን ከመቁረጡ በፊት ቤዙን ይቀንሳል፣ በ720 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ሚድም ያጎላል። እንዲህ ያለ ፔዳል ካለዎት ጌኑን ዝቅ፣ ሌቭሉን (የሚወጣውን ድምፅ መጠን) ከፍ አድርገው አምፑን እንዲገፋ ያድርጉት። የአምፑን ሚድ ከግማሽ በላይ ያድርጉ፤ ቤዙን ደግሞ ለብቻዎ ሲሰሙት «ትንሽ ጎደለ» እስኪሉ ድረስ ያውርዱ።

ጊታር ተጫዋቹ ኤሪክ ክላፕተን እ.ኤ.አ. በ1966 ከብሉዝ ባንድ መሪው ከጆን ሜዮል ጋር ሲቀዳ የተጠቀመው ሌስ ፖል ጊታርና ድምፁ በጣም ከፍ የተደረገ የማርሻል ኮምቦ አምፕ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን) ነበር። በዚያ ከፍታ ላይ የሚሻክረው የአምፑ የመጨረሻ ክፍል፣ ማለትም ፓወር ቲዩቦቹ ናቸው፤ ስፒከሩም አብሮ ይጨነቃል። እንዲህ ያለው መሻከር ለእጅ ጉልበት የሚሰጠው ምላሽ ቀስ በቀስ ስለሆነ ተጫዋቹ በፒኩ ብቻ ሊያዘው ይችላል። ያንን ለማግኘት 100 ዋት አያስፈልግም፤ የዋቱ መጠን እጥፍ ሲሆን የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከ5 እስከ 15 ዋት ያለው ቲዩብ አምፕ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ስለ ክር ብዙ ይወራል፤ እኔ ብዙም አልቆይበትም። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቪ ሬይ ቮን 0.013 የሚያህል ወፍራም ክር ይገጥም ነበር፤ ጊታሩን ግን ግማሽ ድምፅ (የአንድ ፍሬት ያህል) አውርዶ ስለሚቃኘው ውጥረቱ 11 በመቶ ያህል ይቀንስለታል። ሌላው ጊታር ተጫዋች ቢሊ ጊበንስ በአንጻሩ በ0.007 ክር ወፍራም የሚባል ድምፅ ያወጣል። ከሁለቱ ተነሥቶ የክር ውፍረት የድምፅ ውፍረት ነው ማለት አይቻልም። ለእርስዎ 0.010 የምመክረው በሌላ ምክንያት ነው፤ ቀጭን ክር በኃይል ሲመታ ለቅጽበት ከቅኝቱ በላይ ይዘላል፣ እርስዎም ገና ጉልበትዎን መመጠን እየለመዱ ነው። ሲቀይሩ የትሬሞሎ ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት ተንቀሳቃሽ መቀመጫ) ወደ ፊት ይነሣብዎታል፤ ከጀርባ ያሉትን ስፕሪንጎች የያዙትን ሁለት ብሎኖች ጥቂት በጥቂት እያጠበቁ፣ በየጊዜውም እየቃኙ ወደ ቦታው ይመልሱት።

ጊታሩ በእጅዎ ላይ እያለ የፒክአፖቹን ከፍታም ይመልከቱ። ብዙ ሰው «ድምፅ ይጨምርልኛል» በሚል ፒክአፑን እስከ ክሩ ድረስ ያስጠጋዋል። የሲንግል ኮይል ማግኔት ግን ክሩን ይስበዋል። ስድስተኛውን (በጣም ወፍራሙን) ክር ከ12ኛው ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካለው የብረት መስመር) በላይ ይዘው ይምቱት፤ ሁለት ኖታ አብረው የሚጮኹ ያህል የሚንቀጠቀጥና ቅኝቱ የጠፋ ድምፅ ከሰሙ፣ የአንገቱ ፒክአፕ ከሚገባው በላይ ቀርቧል። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነው በክሩና በማግኔቱ ራስ መካከል በወፍራሙ ክር በኩል ከ2 እስከ 2.5 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል ትንሽ ያነሰ ክፍተት ይተዉ።

አሁን ወደ ግራ እጅዎ፤ ከዚህ በላይ ያልኩት ሁሉ ይህኛው እንዲሰማ መንገድ መጥረግ ነው። ሶሎ «አይናገርም» ሲባል ብዙውን ጊዜ በተግባር የማገኘው ቤንዱ (ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ማድረግ) ከሚፈለገው ኖታ ሳይደርስ መቅረቱን ነው። በኤ ቁልፍ ይሞክሩት። ሁለተኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ይምቱ፤ ይህ ኢ ነው። ኢው እየጮኸ ሦስተኛውን ክር 7ኛ ፍሬት ላይ፣ ማለትም ዲን ይዘው ወደ ላይ ይግፉት። ሁለቱ ድምፆች ሲቀራረቡ እርስ በርስ የሚፈጥሩት መንቀጥቀጥ እየዘገመ ይሄድና ሲገጥሙ ጨርሶ ይቆማል። እዚያ ላይ ይያዙት። አንድ ሙሉ ድምፅ ለመግፋት የክሩ ውጥረት 26 በመቶ ያህል መጨመር ስላለበት አንድ ጣት ብቻውን አይችለውም፤ የቀለበት ጣትዎን ከኋላው ባሉት ሁለት ጣቶች ይደግፉ፣ አውራ ጣትዎን በአንገቱ ላይ ያንጠልጥሉ፣ የሚዞረውም አንጓዎ ይሁን።

ከዚህ የረቀቀው ደግሞ ሦስተኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያለው ሲ ነው። ከሥር ያለው ኮርድ ኤ7 ሲሆን በውስጡ ሲ ሻርፕ አለ፤ ስለዚህ ሲውን በጣም በጥቂቱ፣ ግማሽ ድምፅ እንኳ ሳይሞላ ይግፉት፤ ብሉዝ የሚኖረው በእነዚያ ሁለት ኖታዎች መካከል ነው። ኮርዱ ወደ ዲ7 ሲዞር ግን ያው ሲ የኮርዱ ሰባተኛ ኖታ ስለሆነ ሳይነካ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ፔንታቶኒኩን (ባለ አምስት ኖታውን ስኬል) በቃሉ የሚያውቅ ተጫዋች ይህን ሳይለይ ለዓመታት ሊጫወት ይችላል፤ «ስኬል ይመስላል» የሚባለውም ከዚህ ነው።

ቫይብራቶ (የኖታው መወዛወዝ) ኖታው ከተረጋጋ በኋላ ይጀምር፤ ከኖታው ተነሥቶ ወደ ላይ ይሂድ፣ በየዙሩም በትክክል ወደ ኖታው ይመለስ። የብሉዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢ.ቢ. ኪንግ የዘመዱን የቡካ ዋይትን ስላይድ (በክሩ ላይ ቱቦ እያንሸራተቱ መጫወት) ለመምሰል ሲጥር ያዳበረው የአንጓ ቫይብራቶ ጥሩ መማሪያ ነው። አልበርት ኪንግ ደግሞ ግራኝ ስለነበረና ጊታሩን ክሮቹን ሳይቀይር ገልብጦ ስለሚይዝ፣ ሌሎች ወደ ላይ የሚገፉትን ቀጭን ክር እሱ ወደ ታች ይጎትተው ነበር። አንዳንድ ደንበኞች በብሉዝ ተጫዋቹ በፒተር ግሪን ጊታር ላይ እንደነበረው የፒክአፑን ማግኔት እንድገለብጥላቸው ይጠይቁኛል። እሠራላቸዋለሁ፤ ሁለቱ ፒክአፖች አብረው ሲከፈቱ የሚያገኙት ግን ቀጭንና አፍንጫ አፍንጫ የሚል ድምፅ ነው፤ በሁለት ሐረጎች መካከል ምን ያህል ዝም እንደሚባል ብየዳ አያስተምርም።

ያንን ዝምታ የሚያስተምረው ባለ 12 ባሩ ብሉዝ ነው (ባር ማለት እኩል ምቶች ያሉት የዜማ ክፍል ነው)። ቅርጹ ባለ አራት ባር ሦስት መስመሮች አሉት፤ ዘፋኙ በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ይዘፍናል፣ በቀረው ጊታሩ ይመልሳል። ለተወሰነ ጊዜ በ3ኛውና 4ኛው፣ በ7ኛውና 8ኛው፣ በ11ኛውና 12ኛው ባር ላይ ብቻ ይጫወቱ፤ በሌሎቹ ላይ እጅዎን ክሩ ላይ አሳርፈው ዜማውን በአፍዎ ያዚሙ። ከዚያ ሙሉውን ሲጫወቱ ትንፋሽዎ ባለቀበት ሐረጉን ያቁሙ። በስልክዎ ይቅዱትና ጊታሩን አስቀምጠው ያዳምጡት፤ እየተጫወቱ የማይሰሙት መቸኮል ያኔ ይሰማል።

ስለ ሃምበከሩ፦ ሁለት ጥቅሎቹ ጉምታን ያጠፋሉ፣ ሚዱም ይጎላል፤ ነገር ግን የሚልከው ሲግናል ጠንካራ ስለሆነ በአሁኑ አደራረግዎ ፔዳሎቹን የበለጠ ገፍቶ ችግሩን ያባብሰዋል። የተባለውን ሁሉ አድርገው ድምፁ አሁንም ከቀጠነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስፒከሩን ነው፤ የመለማመጃ አምፕ ላይ ያለ ባለ 6 ወይም ባለ 8 ኢንች ስፒከር ከከበሮ ጋር የሚወዳደር አየር አይገፋም። አምፑ የውጭ ስፒከር መውጫ ካለው ባለ 12 ኢንች ካቢኔት ተውሰው ይሞክሩት፤ ኦሙ (የኤሌክትሪክ መቋቋሚያው መጠን) አምፑ ላይ ከተጻፈው ጋር መስማማቱን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ቲዩብ አምፕ ከሆነ ደግሞ ስፒከሩ ሳይሰካ ፈጽሞ አያብሩት፤ አውትፑት ትራንስፎርመሩ ሊቃጠል ይችላል።